አራት ጡት፣ አንዲት ላም

ከአዲስ አበባ ወጣ ብላ በምትገኝ ከተማ፣ በአንድ የወተት አምራቾች ማኅበር ግቢ፣ ጉባኤው ሊጀመር ሲል፣ የማኅበሩ የእንስሳት ሐኪም ደምሰውና የስታቲስቲክስ ባለሙያዋ ታናሽ እኅቱ ሮማን ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው የመድኃኒት ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ይነጋገራሉ።

ደምሰው፦ ድምፅሽን ቀንሺ! ግድግዳው ቺፑድ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ሞልቷል።

ሮማን፦ ይስሙዋ! ባለፈው ጉባኤ ስሜን በማይክሮፎን ስትጠራ ድምፅህን ቀንሰህ ነበር?

ደምሰው፦ በክፉ አልጠራሁሽም። «እኅቴ ሮማን የቁጥር ሰው ናት፤ ለላሞቻችን ጡት የሠራሁትን ቅባት መርምራ አረጋግጣልናለች» ነው ያልኩት። ስድብ ነው ይሄ?

ሮማን፦ ውሸት ነው።

ደምሰው፦ ምኑ? የቁጥር ሰው አይደለሽም?

ሮማን፦ ጋሼ፣ ዛሬ በቀልድ አታመልጠኝም። «አረጋግጣልናለች» ያልከውን ነው። መቼ ነው ያረጋገጥኩልህ?

ደምሰው፦ መረጃውን ሰጥቼሽ ሠርተሽው የለም እንዴ?

ሮማን፦ ሠርቻለሁ። ሠርቼስ ምን አልኩህ?

ደምሰው፦ ብዙ ነገር። አንቺ ማውራት ስትጀምሪ ግማሹ ለእኔ አይደርሰኝም።

ሮማን፦ «ቅባቱ የጡት በሽታን በመከላከል ከአዮዲኑ ይበልጣል ለማለት የሚያበቃ ነገር አላገኘሁም» አልኩህ። በአማርኛ። የቱ ቃል ነው ያልደረሰህ?

ደምሰው፦ እሺ፣ እሱን ብለሻል። ግን ወዲያው «አይበልጥም ማለቴም አይደለም» አላልሽም?

ሮማን፦ ብያለሁ።

ደምሰው፦ ታዲያ! ከሁለቱ የሚጠቅመንን ወሰድኩ።

ሮማን፦ የሚጠቅመንን! የገበያ ሽንኩርት መሰለህ እንዴ መርጠህ የምታነሣው? ሁለቱን አንድ ላይ ስትሰማቸው ነው ትርጉም ያላቸው። «ገና አናውቅም» ማለት ነው።

ደምሰው፦ «አናውቅም» ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?

ሮማን፦ አዎ። መቼ «አናውቅም» እንደሚባል ነው የተማርኩት።

ደምሰው፦ እዚያ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች «አናውቅም» ሊሰሙ አልመጡም፣ ሮማን። ላም በታመመችባቸው ቁጥር መድኃኒት ያስወጋሉ፣ መድኃኒት የገባበትን ወተት ደግሞ መሬት ላይ ይደፋሉ። ስንቱን ሲያለቅስ አይቻለሁ። ያን ቅባት ሲይዙ ፊታቸው ምን እንደሚመስል ብታዪ...

ሮማን፦ እትዬ ዘርፌ ደውለውልኝ ነበር።

ደምሰው፦ ዘርፌ? የጎረቤታችን?

ሮማን፦ ስንት ዘርፌ አለን? እናታችን ከሞተች በኋላ ወተት በጣሳ አድርገው በአጥር የሚያቀብሉን የነበሩት። አንዲት ላም ናት ያለቻቸው፤ የሚኖሩትም በእሷ ነው። አዮዲኑን ትተው ቅባትህን ሲቀቡ ከረሙ። አሁን ሦስቱ ጡቷ ደርቋል። በአንዱ ነው የምትታለበው።

ደምሰው፦ ሄጄ አይቻታለሁ። የምችለውን አድርጌላታለሁ።

ሮማን፦ አይተህ ለእኔ አልነገርከኝም።

ደምሰው፦ ላም በታመመች ቁጥር ላንቺ ልደውል? ቆይ፣ ቆይ። አሁን ገባኝ። የሴትዮዋ ላም ታመመችና ተንደርድረሽ መጣሽ። በጥናቱ የቆጠርኩት መቶ ስድሳ ጡት አልበቃኝም ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ዛሬ በአንዲት ላም ልትከሺኝ ነው?

ሮማን፦ በእሷ አልከስህም። አንዲት ላም ምንም አታረጋግጥም። ጡቷ በአዮዲን ቢነከርም ልትታመም ትችል ነበር። «ቅባቱ አሳመማት» ብል ያንተኑ ስሕተት ነው የምደግመው።

ደምሰው፦ እሰይ! ታዲያ ምን አመጣሽ?

ሮማን፦ ሴትዮዋ የተናገሩት። አልተቆጡኝም እኮ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቅባቱንማ መች አመንኩት፤ አንቺ ካልሽ ብዬ ነው እንጂ፣ ልጄ» አሉኝ። ይገባሃል? አዮዲኑን ያስጣላቸው ቅባትህ አይደለም። እኔ ነኝ። ያላልኩት ነገር ነው ያስጣላቸው።

ደምሰው፦ ...ተቀመጪ እስቲ። እዚያ ጋ በርጩማ አለ።

ሮማን፦ አልቀመጥም።

ደምሰው፦ ከሩቅ መጥተሽ ቆመሽ ስታይኝ ደስ አይልም።

ሮማን፦ መንገዱን ሙሉ ላንተ ስሟገትልህ ነው የመጣሁት። «ጋሼ አልገባውም ይሆናል እንጂ እንዲህ አያደርግም። ቁጭ ብዬ ቀስ ብዬ ላስረዳው» እያልኩ።

ደምሰው፦ አልገባኝም እኮ ነው የምልሽ! እኔ የማውቀው ግልጹን ነው። ሃያ ላም ቅባት ተቀባ፤ ሃያ ላም እንደ ድሮው ከታለበ በኋላ ጡቱ አዮዲን ውስጥ ተነከረ። ላም አራት ጡት አላት። በዚህ ሰማንያ፣ በዚያ ሰማንያ። ክረምቱ ሲወጣ የእያንዳንዱን ጡት ወተት መርምሬ ደህናውን ቆጠርኩ። በቅባቱ ሃምሳ ሁለት፣ በአዮዲኑ ሠላሳ ስምንት። ሃምሳ ሁለት ከሠላሳ ስምንት አይበልጥም? ሁለቱን የማወዳድርበትን ስሌት ያስተማርሽኝም አንቺ ነሽ። እንዳልሽኝ ሠራሁት፤ «ልዩነቱ የአጋጣሚ አይመስልም» ብሎ ወጣ።

ሮማን፦ ሳስተምርህስ ምን ብዬህ ነበር? «ይሄ የሚያገለግለው አንዱ ከሌላው ጋር ለማይነካካ ነገር ብቻ ነው» አላልኩህም? ሰማንያ ጡት ሰማንያ ላም አይደለም። የአንዲት ላም አራት ጡት ያው አንድ ጭቃ ላይ ነው የሚተኛው፤ ያው አንድ እጅ ነው የሚያልበው። በረቷ ንጹሕ ከሆነ አራቱም ደህና ይሆናሉ፤ ካልሆነ ተከታትለው ይታመማሉ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ስጡ ሲባል አንዱ አባል አራት እጅ ቢያወጣ ትቆጥርለታለህ?

ደምሰው፦ ሰው አራት እጅ የለውማ።

ሮማን፦ ላምህ ግን አራት ጊዜ ድምፅ ሰጠች።

ደምሰው፦ እሺ፣ እንግዲያው በላም ይቆጠር በይኛ። ይኼው ሃያ፣ ይኼው ሃያ።

ሮማን፦ እሱም ልክ አይደለም። ላሟን «ደህና» ወይም «ታማሚ» ብቻ ካልናት፣ ሦስት ጡቷ ደህና የሆነች ላምና አንድም ደህና ጡት የሌላት ላም እኩል ናቸው? ያን ካደረግህ ደግሞ የሚጠቅም ነገር ትጥላለህ። እውነቱ መሃል ላይ ነው። የአንዲት ላም ጡቶች ምን ያህል ተያይዘው እንደሚሄዱ ከራሱ ከመረጃው ይለካል፤ በዚያ ልክ የቁጥሩ ክብደት ይቀነሳል። ስለካው ያንተ መቶ ስድሳ ጡት የስድሳ ምናምን ያህል ነው የሚመሰክረው። በዚያ ሲመዘን ልዩነቱ እንዲሁ በዕድልም ሊመጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ደምሰው፦ በዕድል። የእኔ ልፋት በዕድል።

ሮማን፦ ልፋትህን አይደለም ያልኩት። ጥሩ በረት ያላቸው ላሞች ሳታስበው ወደ ቅባቱ ወገን በዝተው ቢሆንስ? ደስ ብሎኝ የተናገርኩት መሰለህ? እሬቱን ስትልጥ፣ ሰሙን ስታቀልጥ፣ ቤቱን በእሬት ሽታ ስትሞላው እያየሁ ነው ያደግሁት። ያ ነገር እንዲሳካልህ ከእኔ የበለጠ የሚመኝ ሰው አልነበረም። ውጤቱ ሲወጣ «ተሳስቻለሁ» ብዬ ደገምኩት። በሌላ ዘዴ ሞከርኩት። በሌላም ሞከርኩት። ሁሉም ያንኑ አሉኝ። ከዚያ ደወልኩልህ፤ «ከብዙ በረት ሌሎች ላሞች እንጨምር፣ እረፍት ወስጄ መጥቼ አግዝሃለሁ» አልኩህ።

ደምሰው፦ ያለፈው ጉባኤ ደርሶ ነበራ!

ሮማን፦ «ገባኝ፣ እንጨምራለን» ነው ያልከኝ። ስልኩን ስዘጋ እንዴት እንደኮራሁብህ ብታውቅ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ የእኔ ወንድም ግን እውነት ሲነገረው ይሰማል ብዬ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አወራሁላቸው።

ደምሰው፦ ...ማን አውሪ አለሽ?

ሮማን፦ ማንም። እንዲሁ ኮርቼ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአባላቱ ስታስረዳ ጡት በጡት የቆጠርከውን ብቻ ነው የነገርካቸው። «አራቱም ጡቷ ደህና የሆነች ላም ከዚህ ይህን ያህል፣ ከዚያ ይህን ያህል» ለምን አላልክም? ላም ለሚያልብ ሰው ከሁሉ በፊት የሚገባው እሱ ነበር።

ደምሰው፦ እሱማ ስምንትና ስድስት ብቻ ሆነብኝና...

ሮማን፦ ምን አልክ?

ደምሰው፦ ማለቴ...

ሮማን፦ «ሆነብኝ»?

ደምሰው፦ ቃል አትልቀሚብኝ።

ሮማን፦ ቆጥረኸዋል።

ደምሰው፦ ሮማን...

ሮማን፦ ከሃያው ስምንት፣ ከሃያው ስድስት። በላም ቆጥረህ አይተኸዋል። መቼ?

ደምሰው፦ ምን ይለውጣል?

ሮማን፦ መቼ ነው የቆጠርከው?

ደምሰው፦ ...ላንቺ ሳልልክልሽ በፊት።

ሮማን፦ በፊት።

ደምሰው፦ ስምንትና ስድስት ሲሆን ቅር አለኝ። ይሄ ማንን ያሳምናል? ጡት በጡት ስቆጥረው ግን አማረ። የትኛው ልክ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ላክሁልሽ። ያማረውን ትመርጪልኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ሮማን፦ ዛሬ ነው እንዴ አለመዋሸት የጀመርከው? ስላልመረጥኩልህ ሥራዬን ጥለህ ስሜን አስቀረኸው። እኔ ሞኟ «አልገባውም» እላለሁ! ገብቶህ ነበር። ከማንም በፊት ገብቶህ ነበር።

ደምሰው፦ አዎ፣ ገብቶኛል! ደስ አለሽ? ገብቶኛል። አሁን ደግሞ አንቺ ስሚኝ። ሊያሰናብቱኝ ነው። «ደምሰው አርጅቷል፣ ወጣት ሐኪም እንቅጠር» ብለው የተነጋገሩት ጆሮዬ ደርሷል። እኔ እኮ እዚህች ክፍል ውስጥ ነው የሸበትኩት። ስንት ጥጃ በዚህ እጄ ተወልዷል፣ አንዱን ማን ያስታውሰዋል? አንድ ነገር የእኔ የሆነ፣ «የደምሰው ቅባት» የሚባል ነገር ትቼ ልውጣ ብል ኃጢአት ነው?

ሮማን፦ ለምን ይሄን አልነገርከኝም?

ደምሰው፦ ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር? ቁጥሩን ትለውጪልኝ ነበር?

ሮማን፦ ቁጥሩን አልለውጥም። አጠገብህ ግን እሆን ነበር።

ደምሰው፦ አጠገቤ ሆነሽ «አናውቅም» ልትዪልኝ። እኔስ ላንቺ እንዲህ አልኩ? ለትምህርት ውጭ አገር ሂድ ሲሉኝ አንቺ ገና ስምንተኛ ክፍል ነበርሽ። «ልሂድ? ልቅር?» ብዬ ስሌት ሠራሁ? «እኅቴን ለማን ጥዬ» ብዬ ቀረሁ። አንድ ቀን አንሥቼብሽ አውቃለሁ?

ሮማን፦ አታውቅም። እስከ ዛሬ።

ደምሰው፦ ታዲያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብታስፈልጊኝ...

ሮማን፦ ጋሼ፣ ውለታህን ክጄ አላውቅም። ቤቴን ብትለኝ ቤቴን፣ ጉልበቴን ብትለኝ ጉልበቴን እሰጥህ ነበር። ስሜን ግን ሳትጠይቀኝ ወሰድከው።

ደምሰው፦ ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?

ሮማን፦ አልሰጥህም።

ደምሰው፦ ይኸው!

ሮማን፦ ይኸው። ለዚህ ነው ያልጠየቅኸኝ። እንደማልሰጥህ ታውቅ ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምረህ ታውቀኛለህ። የፈተና ወረቀቴ ላይ መምህሩ ተሳስቶ ማርክ ሲጨምርልኝ እጄን ይዘህ ወስደህ ያስመለስከኝ አንተ አይደለህም? አንተው ያስተማርከኝን ነው እኮ የያዝኩት። ያሳደገኝ ሰው የት ሄዶ ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትነግረኝ?

ደምሰው፦ ...ያ ሰው ወጣት ነበር፣ ሮማን። የሚያስፈራው ነገር አልነበረም።

ሮማን፦ እሱን እንኳ ይቅር እለው ነበር፣ ፍርሃቱን። እትዬ ዘርፌ ግን ምን አደረጉህ? የላማቸውን ጡት በእጅህ ነክተህ አይተህ ከዚያ መጥተህ ዛሬ «አዮዲን ይቅር» የሚል ድምፅ ልታሰጥ ነው። ስንት ዘርፌ ነው አዳራሹ ውስጥ ያለው?

ደምሰው፦ ቅባቱ ሊሠራም ይችላል እኮ! ራስሽ ብለሻል!

ሮማን፦ ሊሠራም ይችላል። ላይሠራም ይችላል። አንተ በማታውቀው ነገር በእነሱ ላም ልትወራረድ ነው። ያውም እኔን አስይዘህ።

ደምሰው፦ ...እየጠሩኝ ነው። ሰማሽ?

ሮማን፦ ሰምቻለሁ።

ደምሰው፦ ምን ላድርግ ነው የምትዪው? ንገሪኝ። እውነት ደክሞኛል።

ሮማን፦ ገብተህ ንገራቸው። «ቸኩያለሁ። ገና አልተረጋገጠም። አዮዲኑን እንዳትተዉ» በላቸው። ሦስት ቃል ናት። ከዚያ በኋላ እኔ አለሁ፤ አዲሱን ጥናት አብረን እንሠራዋለን፣ ላሞቹን በአግባቡ መድበን፣ ከስንትና ስንት በረት። ያኔ ከሠራ የሚጠራጠርህ አይኖርም። ካልሠራም በሐቅ የሞከረ ሰው ትባላለህ።

ደምሰው፦ ይስቁብኛል።

ሮማን፦ የሚስቅ ይስቃል። እኔ አልስቅብህም።

ደምሰው፦ ...እሺ።

ሮማን፦ እሺ?

ደምሰው፦ እሺ አልኩሽ። እናገራለሁ። ምን ላድርግ፣ እኅቴ ነሽ። ሌላ ማን አለኝ?

ሮማን፦ ጋሼ... እግዜር ይስጥህ። እኔ እኮ ልቤ እንዴት እንደተሰበረ...

ደምሰው፦ አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። በቃ እንባሽን ጥረጊ። አብረን እንግባ። ከፊት፣ እኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ፤ ሰው ያይሻል።

ሮማን፦ ከፊት? እኔ ከኋላ ብቀመጥ ይበቃኛል።

ደምሰው፦ አይ፣ ከፊት ነው እንጂ! እንግዳ ነሽ። ሊቀ መንበሩም ሊያይሽ ይፈልጋል፤ ዝናሽን ሰምቷል። አንቺ ምንም አትናገሪ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። እኔ እናገረዋለሁ።

ሮማን፦ ምን ብለህ ነው የምትጀምረው?

ደምሰው፦ ያው ያልሽውን።

ሮማን፦ ልስማው። የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ንገረኝ።

ደምሰው፦ እንዴ፣ ፈተና ነው?

ሮማን፦ አዎ።

ደምሰው፦ «የተከበራችሁ አባላት፣ በቅባታችን ላይ የተጀመረው ጥናት በእኅቴ በሮማን መሪነት ይበልጥ ሰፍቶ ይቀጥላል፤ እሷም ይኸው በመካከላችን ተገኝታለች» እላለሁ። ውሸት አለበት?

ሮማን፦ እና ቅባቱ?

ደምሰው፦ ቅባቱማ እስከዚያው ይታደላል። ተመርቶ ተቀምጦ የለ?

ሮማን፦ አዮዲኑስ?

ደምሰው፦ እሱ የጉባኤው ጉዳይ ነው። ድምፅ ይሰጡበታል። እኔ ምን አገባኝ?

ሮማን፦ ድምፅ የሚሰጡት እኔን አጠገብህ ተቀምጬ እያዩኝ ነው።

ደምሰው፦ ምን አለበት? አልተናገርሽ፣ አልዋሸሽ።

ሮማን፦ ከደቂቃ በፊት እንባሽን ጥረጊ ስትለኝ ይሄን እያሰብክ ነበር?

ደምሰው፦ ሮማን፣ ጊዜ የለንም። ቀስ በቀስ እናስተካክለዋለን፤ ዛሬን ብቻ አሳልፊኝ።

ሮማን፦ በመጀመሪያው ጊዜ ሳላውቅ ነው ስሜን የወሰድከው። አሁን ደግሞ እጄን ይዘህ፣ አይኔ እያየ።

ደምሰው፦ የት ልትሄጂ ነው?

ሮማን፦ አዳራሽ።

ደምሰው፦ ምን ልትዪ?

ሮማን፦ ያልኩትን። «ቅባቱን አላረጋገጥኩም። አዮዲኑን እንዳትተዉ» እላቸዋለሁ። አንተን አልሰድብም፣ ምንም አልጨምርም። እሱን ብዬ እወጣለሁ።

ደምሰው፦ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ? ያሳደግሁሽን?

ሮማን፦ አሳልፈኝ።

ደምሰው፦ ስሚ። በዚህ በር ወጥተሽ ያን ቃል ከተናገርሽ፣ በእናታችን አፈር እልሻለሁ፣ እኅት የለኝም። ቤቴን አትረግጪም፣ ስሞትም አትቀብሪኝ። አሁን ምረጪ።

ሮማን፦ አቶ ደምሰው፣ ከበሩ ላይ ዞር ይበሉልኝ።